ተጣብቆ የቀረ ጋስኬት፦ ካርተሩን ሳይጎዱ እንዴት ይነሳል?

ጥያቄው፦ «በጨረታ የገዛሁትን አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ሞተሩን ፈትቼ እያደስኩ ነው። ሲሊንደሩን ሳነሳ ከሥሩ ያለው ጋስኬት ለሁለት ተቀደደ፤ ግማሹ ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው አካል) ላይ፣ ግማሹ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የፍሪሲዮን ክዳኑም እንደዚያው ነው፤ ከእኔ በፊት የፈታው ሰው ቀይ ሲሊኮን ጭኖበታል። በካቻቢቴ ለመፋቅ ሞከርኩ፤ ካርተሩን ሁለት ቦታ ላይ ቧጨርኩት። የሰፈራችን መካኒክ ድሪል ላይ የሽቦ ብሩሽ ግጠምና በአንድ ደቂቃ ይጠራልሃል ይላል። ሌላ ሰው ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ዘፍዝፈው አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ የቀረውን ተወውና ላዩ ላይ ሲሊኮን ቀብተህ ግጠመው፣ አያፈስም ይለኛል። እርስዎ የትኛውን ይመክሩኛል?»

ከሦስቱ አንዱንም አልመክርህም። ካቻቢቴውንም ከእጅህ አስቀምጥ። መጀመሪያ ምክንያቱን ልንገርህ፣ ከዚያ ወደ ሥራው እንገባለን። ምክንያቱ ካልገባህ ነገ አራተኛ ሰው መጥቶ ሌላ አቋራጭ ሲነግርህ እሺ ማለትህ አይቀርም።

አንድ ነገር ላስተካክል። ጋስኬቱን እንደ ጠላት፣ ካርተሩን እንደማይበገር ብረት ነው የቆጠርከው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጋስኬት፣ ጋራዥ ውስጥ ጓርኒሲዮን የምንለው፣ በሁለት ዕቃዎች መሀል ገብቶ እንዳያፈሱ የሚይዝ፣ ተነስቶ የሚጣልና በአዲስ የሚተካ ዕቃ ነው። ካርተሩ ግን አልሙኒየም ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ለዚህ ሞዴል ደግሞ ሌላ ካርተር ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ካቻቢቴ የጠነከረ ብረት ነው። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር የሚጎዳው አልሙኒየሙ ነው። ስለዚህ የምትጨነቀው ለካርተሩ ፊት ይሁን። ፊቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ሜዳ ሆኖ ከቆየ ጋስኬቱ ዛሬ ባይነሳ ነገ ይነሳል።

ለምንድነው እንዲህ የሚጣበቀው? የዚህ ዓይነት ሞተር የሲሊንደር ሥርና የክዳን ጋስኬት ቃጫ ያለው ወረቀት ነው። ቃጫዎቹን አንድ ላይ የያዛቸው ጎማ ነው። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይህ ጎማ እየደረቀ ይሄዳል። ዘይት ወደ ወረቀቱ ይሰርግና በሙቀት ተጋግሮ እንደ ሙጫ ይይዛል። የካርተሩ ፊት ደግሞ ለዓይን የለሰለሰ ይምሰል እንጂ ከማሽን የቀሩ ጥቃቅን መስመሮችና አልሙኒየሙ ቀልጦ በቅርጹ ሲፈስ የቀሩ ቀዳዳዎች አሉት። ብሎኖቹ ለዓመታት ሲጨቁኑት ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በዚህ ላይ ሰው ሲሊኮን ወይም ማስቲሽ ሲጨምርበት ሌላ ተጣባቂ ተጨመረ ማለት ነው። የደረቀው ጎማ፣ የተጋገረው ዘይትና ሲሊኮኑ እያንዳንዳቸው በተለያየ ነገር ነው የሚለቁት። «ይሄን ቀባበት፣ በአንዴ ይለቃል» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንተ ሞተር ልምጣ፤ ሁሉም ሰው የዘለለው ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው ያለው። ኤጂ 100 ባለሁለት ስትሮክ ነው፤ ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ ሲወርድ አንድ ዙር ሥራውን ይጨርሳል። በባለአራት ስትሮክ ሞተር፣ ለምሳሌ በቦክሰር ወይም በአፓቼ፣ ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ጋስኬት ቢያፈስ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ሞተሩ ይቆሽሻል፣ ያናድዳል፤ በዚያው ያበቃል። በባለሁለት ስትሮክ ግን ቤንዚኑና አየሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚወጣው በካርተሩ ውስጥ አልፎ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ካርተሩ ይስባል፣ ሲወርድ ይገፋል። እዚያ ጋ ትንሽ ሽንቁር ካለ ካርቡራተሩ የማያውቀው አየር ይገባል። አየር ሲበዛ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው የሁለት ስትሮክ ዘይትም በዚያው ልክ ይሳሳል። ሞተሩ ይግላል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል፣ እጀታውን ለቀኸውም ቶሎ አይወርድልህም። መጨረሻው ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን መንከሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚመጣብህ አንድ ጭረት ከውስጥ ወደ ውጭ አቋርጦ ስላለፈ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የጭረት አቅጣጫ ወሳኝ ነው። ከፊቱ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ጭረት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አዲሱ ጋስኬት ግራና ቀኙን ይይዘዋል። ከውስጥ ወደ ውጭ የተሻገረ ጭረት ግን ቀጭን ቦይ ነው። ካቻቢቴ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፍቀው ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋ ስለሆነ የሚተወውም ይህንኑ መጥፎ ጭረት ነው።

የሽቦ ብሩሹን ምክር እንይ። በአንድ ደቂቃ ይጠራል ያለህ ሰው አልዋሸህም፤ ይጠራል። ችግሩ ከወረቀቱ ጋር ምን ይዞ እንደሚሄድ ነው። በፍጥነት የሚዞር የብረት ሽቦ የፊቱን ጠርዝ ያዶለድማል፣ ለስላሳውን ቦታ ይበልጥ እየበላ ጉድጓድ ያበጃል። የተሰበሩ የሽቦ ቁርጥራጮችም ወደ ካርተሩ ይገባሉ። እንደ ስፖንጅ ያሉት የሚዞሩ ሸካራ ዲስኮች ደግሞ ለዓይን የዋህ ስለሚመስሉ የባሱ ናቸው። ውስጣቸው ያለው አልሙኒየም ኦክሳይድ ነው፤ የብርጭቆ ወረቀትና የመሳያ ድንጋይ የሚሠራበት ጠንካራ ዱቄት። ጄኔራል ሞተርስ ለጋራዦቹ ባወጣው የቴክኒክ ማሳሰቢያ የጋስኬት ፊት በእነዚህ ዲስኮች እንዳይጸዳ አስጠንቅቋል፤ ምክንያቱም ዱቄቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ብሮንዚን፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን ሽፋን፣ ስለሚበላ ነው። ያ የተባለው የዘይት ፊልትሮ ላላቸው የመኪና ሞተሮች ነው። ያንተ ሞተር ካርተር ውስጥ ዱቄቱን የሚይዝ ምንም ፊልትሮ የለም። የወደቀው ዱቄት በቀጥታ ወደ ኮሎው ኩሽኔታና ወደ ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር ወደሚያገናኘው ክንድ) ሥር ይሄዳል፤ ከዚያም ከቤንዚኑ ጋር ወደ ሲሊንደሩ ወጥቶ ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይቧጥጣል። ኮሎው ካርተሩ ውስጥ እስካለ ድረስ በካርተሩ ፊት ላይ ምንም ዓይነት የሚፈጭ ነገር አታሳርፍ። የእጅ ብርጭቆ ወረቀትም ቢሆን።

ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ ግን ይህ ምክር ብዙ ስለሚሰማ ልጨምርበት። አልሙኒየም ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲገባ ይፍለቀለቃል፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፤ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ዕቃው ሲወጣ ጠቁሮና ተቦርቡሮ ነው፤ ሜዳ የነበረው ፊት አይመለስም። ውሃው ዓይን ውስጥ ቢረጭ ዓይን ያጠፋል። የባትሪ አሲድም ለዚህ ሥራ አይሆንም። በረኪና ደግሞ ጋስኬቱን አያለሰልስም፤ አልሙኒየሙን ግን ያበላሻል።

ሦስተኛው፣ ላዩ ላይ ሲሊኮን መቀባት፣ ብዙ ሰው የሚወደው ነው፤ ምክንያቱም ዛሬውኑ ሞተሩ ተገጥሞ ይነሳል። ግን አሮጌው ጋስኬት ዘይት ጠጥቷል፤ ሲሊኮን ዘይት ያለበትን ነገር አይዝም። ቅሪቱ አንድ ጎን ወፍሮ አንድ ጎን ስለሚሳሳ ሲሊንደሩ አጋድሎ ይቀመጣል። ከፍታው ሲለወጥ በባለሁለት ስትሮክ ሞተር ላይ የመግቢያና የመውጫ ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱበት ሰዓት ይለወጣል፤ ኮምፕሬሽኑም ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል። በካርተርህ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያልፈው ቤንዚን ነው። ያበጠው ሲሊኮን እየተላጠ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። የፍሪሲዮን ክዳኑ በኩል ያለው ዘይት ብቻ ስለሆነ እዚያ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ሲሊኮን ተቆርጦ በዘይቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይኖራል።

አሁን ሥራው። ከመጀመርህ በፊት የካርተሩን አፍ ዝጋ። ንጹህ፣ ክሩ የማይበተን ጨርቅ ቢየላውን ከብበህ ጠቅጥቅ፤ በላዩ ግሪስ ቀባ፤ የሚወድቀው ቅንጣት ግሪሱ ላይ ይቀራል። ስንት ቁራጭ ጨርቅ እንዳስገባህ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ስታወጣም ቁጠር። ክዳኑ ላይ ያሉትን የጎማ ፓራኦሊዮዎችና ኦሪንጎች (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙ ቀለበቶች) አስቀድመህ አውጣ፤ የምትጠቀምበት ፈሳሽ ይጎዳቸዋል። በባለአራት ስትሮክ የምትሠሩ አንባቢዎች የካቴናውን መተላለፊያና ወደ ቴስታታ (ሲሊንደሩን ከላይ ወደሚዘጋው ክዳን) የሚወጡትን የዘይት ቀዳዳዎች መድፈን እንዳትረሱ። አንዲት የወረቀት ቁራጭ የዘይት ቀዳዳ ከዘጋች ላይኛው ክፍል ደርቆ ያልቃል።

የሞተሩ ዕድሜ ትልቅ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ድሮ የሚሠሩ ጋስኬቶች ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ነበር። ጃፓን አብዛኛውን የአስቤስቶስ ምርት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጋስኬቱን ዓይቶ አስቤስቶስ አለው የለውም ማለት አይቻልም። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ላይ ሁልጊዜ በእርጥብ ሥራ፤ ደረቁን አትፈቅፍቅ፣ በኮምፕሬሰርም አትንፋ። ቅሪቱን እንደረጠበ ጠርገህ ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ ጣል።

ከሲሊኮኑ ጀምር። ወፍራሙን በጣትህና በፕላስቲክ ቁራጭ አንሳ። ቅድም ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል ያልኩህ እዚህ ጋ ይጠቅምሃል። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን የነካ ጨርቅ ላዩ ላይ አስቀምጥና ቆይ። ቤንዚኑ ይፈጥናል፤ እኔ ግን ነጭ ጋዙን እመርጣለሁ፣ ቢዘገይም እሳት የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው። ሲሊኮኑ ሲያብጥ ይለሰልስና በጥፍር ተጠቅልሎ ይነሳል። ሲሊኮንን እስከ መጨረሻው አሟሙቶ የሚያጠፋ ፈሳሽ ፍለጋ አትድከም፤ አሴቶንም አያሟሟውም።

ወረቀቱ ጋ ስትመጣ መሣሪያህ ጊዜ ነው። ቲነር ወይም አሴቶን የነካ ጨርቅ በጋስኬቱ ላይ ዘርጋ፣ እንዳይተንም በፌስታል ሸፍነው። ቲነር ቃጫውን የያዘውን ጎማ ያለሰልሰዋል። እየደረቀ ሲሄድ ጨምርበት። ካልለቀቀ ናፍጣ ወይም ዝገት አላቃቂ ዘይት ቀብተህ አሳድረው። ለክዳኑ ቀለል ያለ መንገድ አለ፦ ዘይቱን ካጠብክ በኋላ ሳሙና ባለው በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው። ወረቀት ወረቀት ነውና ብዙ ጊዜ ሙቅ ውሃ ብቻውን ይበቃዋል፤ ሲወጣ ወዲያው አድርቀህ ዘይት አስነካው። ፀጉር ማድረቂያም ይረዳል። የጋዝ ነበልባል ግን አይሆንም። አልሙኒየሙ ከመጠን በላይ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፣ ሊጣመምም ይችላል። ሙቀት ከፈለግክ ደግሞ ፈሳሽ ከመቀባትህ በፊት ይሁን። ቲነር በነካው ዕቃ ላይ ሙቀት አታምጣ፤ ሥራውንም ከቤት ውጭ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቀህ ሥራ።

በስፕሬይ የሚሸጥ የጋስኬት ማስለቀቂያ ካገኘህ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ብዙዎቹ የቆዩ ዓይነቶች ሚትሊን ክሎራይድ አለባቸው። በደንብ ይሠራል፤ ግን ይገድላል። ትነቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ከአየር ስለሚከብድም ዝግ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በዚህ ስለሞቱ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች በሚሸጥ የቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ያንተ ጣሳ ላይ ይህ ስም ካለ ደጅ ላይ፣ ነፋስ ጀርባህ ላይ ሆኖ፣ መነጽር አድርገህ ካልሆነ አትንካው። ስስ የሐኪም ጓንትም አያስጥልህም፤ ፈሳሹ ያልፈዋል። ለአንድ ኤጂ 100 እዚህ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቲነር፣ ናፍጣና አንድ ሌሊት ይበቃሉ።

ከለሰለሰ በኋላ በምን ይነሳል? ከአልሙኒየም በለሰለሰ ነገር ጀምር። እኔ የምወደው የወይራ እንጨት ነው፤ እንደ መሮ ጠፍጣፋ አድርገህ ትስለዋለህ፣ ሲዶለዱም እንደገና ትስለዋለህ፣ ካርተሩን ሊጭር አይችልም። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድም ለሰፊው ቦታ ጥሩ ነው። በእንጨት የሚነሳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ምላጭ ያዝ። አዲስ ምላጭ ይሁን፤ የዶለዶመ ምላጭ ጉልበት ያስጨምርሃል፣ ጉልበት ሲጨመር ነው እጅ የሚያመልጠው። ሁለቱን ሹል ጫፎቹን በመሳያ ድንጋይ አክብባቸው፤ ካርተር የሚቧጨረው በምላጩ መሀል ሳይሆን በጥጉ ነው። ፊቱን ዘይት አስነካ። ምላጩን ሊተኛ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርገህ፣ በፊቱ ርዝመት አቅጣጫ ግፋ። ከውጭ ወደ ውስጥ አታቋርጥ።

እጅህን ብቻ ሳይሆን ጆሮህንም አሠራ። ምላጩ ከጋስኬቱ በታች ሲሄድ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ወረቀት የመቀደድ ዓይነት ነው፤ ከፊቱ ቡናማ ስስ ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወጣል። ብረት መንካት ሲጀምር ድምፁ ይቀጥናል፣ ይጮኻል፤ ልጣጩ ቀርቶ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ታያለህ። ያ ብናኝ ካርተርህ ነው። አቁም፤ ፈሳሽ ቀባ፤ ሂድና ሌላ ሥራ ሥራ።

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚያበላሸው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቱ ሁሉ ተነስቶ ካርተሩ ላይ የጋስኬቱ ቅርጽ ያለው ቡናማ ጥላ ይቀራል። ሰው ያንን ጥላ ለማጥፋት ሲል ቅድም የተጠነቀቀለትን ፊት ይፈቀፍቃል። ጥላው የቀለም እድፍ ነው፤ ውፍረት የለውም። ጥፍርህን በቀስታ አሳልፍበት። ጥፍርህ ጠርዝ ካልያዘው ጋስኬት የለም፣ ሥራው አልቋል። ካርተሩ እንደ መስታወት ማብራት የለበትም። የሚጣራ ቦታ ካለ በብሎኖቹ ሥርና በማስተካከያ ፒኖቹ ዙሪያ ነው፤ ወረቀት እዚያ ይደበቃል፣ ሲሊንደሩም እኩል እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ውስጣቸው ባዶ የሆኑትን ፒኖች በፒንሳ የምታወጣ ከሆነ ውስጣቸው ልክክ የሚል የድሪል ጫፍ ክተት፤ አለዚያ ተጨፍልቀው ይቀራሉ።

ካርተሩን ለሁለት የምትከፍለው ከሆነ ሁለቱ ግማሾች መሀል የወረቀት ጋስኬት አትፈልግ። ፋብሪካው ራሱ የሚዘጋው በማስቲሽ ብቻ ነው። እዚያ ወረቀት ጨምረው የሚገጥሙ አሉ፤ ወረቀቱ የካርተሩን ስፋት ስለሚጨምረው የኮሎው አቀማመጥ ይለወጣል። አሮጌውን ማስቲሽ በአሴቶንና በፕላስቲክ አንሳ፤ ስትዘጋም ቤንዚን የሚችል የሞተር ማስቲሽ በስሱ ቀባ።

አሁን አንተ የቧጨርካቸው ሁለት ቦታዎች። ፊቱን በአሴቶን አጽዳና ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አሻግረህ ጎትት። ጥፍርህ ካልተሰማው እርሳው። ከተሰማው ሁለት ነገር እይ፦ ጭረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ተሻግሯል ወይ? ዙሪያው ላይስ ወደ ላይ የተነሳ ጠርዝ አለ? አልሙኒየም ሲጫር ከግራና ከቀኝ ያብጣል፤ ጋስኬቱን ከጭረቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ እብጠት ነው። እብጠቱን ብቻ በአዲስ ምላጭ፣ ዘይት እያስነካህ፣ ላጨው፤ ከፊቱ በታች አትውረድ። ጭረቱ ጥልቀት የሌለው ሆኖ ከተሻገረ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ቤንዚን የሚችል የማይደርቅ ማስቲሽ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ሙላው። የጥፍርህ ጫፍ ገብቶ የሚቆምበት ጥልቅ ከሆነ ግን ማስቲሽ አያድንህም። አልሙኒየም ወደሚበይድና ፊት ወደሚያስተካክል ጥሩ ቶርኖ ቤት ነው የሚሄደው፤ ለዚያ ደግሞ ካርተሩ ባዶውን መሆን አለበት። በቴስታታው በኩል፣ እሳቱ በሚነድበት ዙሪያ፣ ምንም ዓይነት ማስቲሽ ወይም ኤፖክሲ አይሞከርም።

ቴስታታውን ግን ራስህ ማስተካከል ትችላለህ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ በሰያፍ አስቀምጥና ከሥሩ የክፍተት መለኪያ ላሜራ አስገባ። ለትንንሽ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም ብዙውን ጊዜ 0.03 ወይም 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የሞተርህን መመሪያ ካገኘህ እሱን ተከተል። ካለፈ ያማሃ በመመሪያዎቹ የሚያስተምረው መንገድ ቀላል ነው፦ ከ400 እስከ 600 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በፍጹም ሜዳ በሆነ ነገር ላይ ታነጥፋለህ፤ ቴስታታውን በላዩ 8 ቁጥር እየሠራህ ትፈጫለህ፤ እኩል እንዲበላም ደጋግመህ ታዞረዋለህ። ለሜዳው ወፍራም መስታወት ይሆናል። ይህ የሚደረገው ተነቅሎ በወጣ፣ በኋላም በሙቅ ውሃና በሳሙና በሚታጠብ ዕቃ ላይ ብቻ ነው።

ስትገጥም አዲሱ ጋስኬት ከአሮጌው ውፍረት ጋር መመሳሰል አለበት። ሳይቀደድ የተረፈ ቁራጭ ካለህ በካሊፐር ለካ። ለክዳኑ ከጋስኬት ወረቀት ራስህ ብትቆርጥ ችግር የለውም፤ የክዳኑን ፊት ግሪስ አስነክተህ ወረቀቱ ላይ አትመውና በመቀስ ቁረጥ። ወረቀቱን ካርተሩ ላይ አድርጎ ጠርዙን በመዶሻ እየመታ የሚቆርጥ አለ፤ የካርተሩን ጠርዝ ያጠፋል፣ አታድርገው። ከሲሊንደሩ ሥር ግን የተዘጋጀውን ግዛ፤ የብስኩት ካርቶን እዚያ ቦታ የለውም። የሲሊንደሩንና የቴስታታውን ፊት በአሴቶን አድርቀህ ጋስኬቱን ደረቁን ግጠም። ለክዳኑ በአንድ ፊት ብቻ ስስ ግሪስ ብታስነካው በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቀደድ ይነሳልሃል። ዳዶዎቹን በሰያፍ፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቅ።

ካርቡራተሩንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ከመግጠምህ በፊት ደግሞ ሞተሩን በአየር ፈትነው። ይህን ሳያደርግ ባለሁለት ስትሮክ ሞተር የሚያስነሳ ሰው በፒስተኑ ላይ ቁማር እየተጫወተ ነው። ከአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ ቆርጠህ የጭስ መውጫውንና የካርቡራተሩን መግቢያ በላሜራ አጥብቀህ ድፈን። ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው፤ ያኔ ካርተሩና ሲሊንደሩ አንድ ክፍል ይሆናሉ። ውስጡ የወጣ አሮጌ ካንዴላ ላይ ቱቦ አስርና ከደም ግፊት መለኪያ ፓምፕና ሰዓት ጋር አገናኘው። ሰዓቱ 250 እስኪያሳይ ንፋ፤ ይህ ከ0.4 ባር በታች ነው፤ ፓራኦሊዮውን አይገፋውም። ኮምፕሬሰር አትጠቀም። ቧንቧህን ዘግተህ 6 ደቂቃ ጠብቅ። ከወረደ የሳሙና ውሃ በሲሊንደሩ ሥር፣ በቴስታታው ዙሪያ፣ በካርተሩ መገጣጠሚያና በማግኔቱ በኩል ባለው ፓራኦሊዮ ላይ ቀባና አረፋውን ፈልግ። ምንም አረፋ ሳታይ የሚወርድ ከሆነ አየሩ በፍሪሲዮን በኩል ባለው ፓራኦሊዮ እያመለጠ ሊሆን ይችላል፤ የማርሽ ዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ አፉ ላይ የሳሙና ውሃ ዘርጋበት። አረፋው ካርተሩን በቧጨርክበት ቦታ ከወጣ ሲሊንደሩ እንደገና ይነሳል፤ ጋስኬቱም በአዲስ ይቀየራል፣ አንድ ጊዜ የተጨቆነ ወረቀት ተመልሶ አይገጠምም።